የጭን ውሻና የጉድጓድ ውሻ፦ ድመት ላለበት ቤት የሚሆን ትንሽ ውሻ የታሪክ አመጣጥ

ድመት ያለው ቤተሰብ ውሻ ለመጨመር ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን በቁመትና በክብደት ይወስናል፤ ትንሽ ውሻ ድመትን አይጎዳም፣ ቢያሳድዳትም የሚያደርሰው ነገር የለም የሚለው ግምት ሰፊ ተቀባይነት አለው። የእንግሊዝ አገር ትንንሽ ውሾች ታሪክ ግን ይህን ግምት አይደግፍም። በዚያ አገር ውሻን አሳንሶ ማርባት ያስፈለገው በሁለት ፈጽሞ በማይገናኙ ምክንያቶች ነበር፤ አንደኛው ወገን ቀበሮ ጉድጓድ ድረስ ገብቶ እንዲጋፈጥና በጎተራና በፋብሪካ አይጥ እንዲፈጅ ሲታሰብ፣ ሌላው ወገን ሰው ጭን ላይ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የተፈለገ ነው። ሁለቱ ሚዛን ላይ ቢወጡ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከፊታቸው ሮጣ የምታልፍ ትንሽ እንስሳ ሲያዩ የሚያደርጉት ግን ለየቅል ነው።

ይህን ልዩነት ቀደም ብለው በጽሑፍ ካሰፈሩት ሰዎች አንዱ የንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ሐኪም የነበረው ዮሐንስ ካዩስ ሲሆን፣ ስለ እንግሊዝ ውሾች በላቲን የጻፈው አጭር መጽሐፍ በ1570 ታትሞ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1576 ወደ እንግሊዝኛ ተመልሷል። ካዩስ በአንድ በኩል ቀበሮና ባጀር የተባለውን ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ለማስወጣት መሬት ውስጥ ስለሚገቡት ውሾች ይናገራል፤ ቴሪየር የሚለው የወል ስማቸውም መሬት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ወይዛዝርት በጉያቸው ይዘዋቸው ስለሚዞሩት ትንንሽ ስፓኒየሎች ጽፏል። ለእነዚህኞቹ ሥራ ሊፈልግላቸው ቢሞክር ያገኘው ሙቀታቸው የሆድ ሕመም ያስታግሳል የሚለውን ብቻ ነበር፤ ከልጆች ይልቅ ውሻ የሚያቀብጡትን እመቤቶች ግን መገሠጹን አልተወም።

ስፓኒየል በመሠረቱ የወፍ አዳኝ ረዳት ነው። ሥራው ቁጥቋጦ ውስጥ የተሸሸገችን ወፍ ማስነሣትና አዳኙ ሲጥላት ሳያኝክ፣ ሳይቦጫጭቅ በአፉ ይዞ መመለስ ስለነበረ፣ ከመጀመሪያውም የሚፈለገው ጌታውን የሚያዳምጥና ያገኘውን የማይገድል ውሻ ነበር። ትንሹ ስፓኒየል ቤተ መንግሥት ሲገባ ይህ ገርነት ይበልጥ ተጠናከረ። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ በ1587 አንገቷ በመጥረቢያ ሲቀላ ትንሽ ውሻዋ ቀሚሷ ሥር ተሸሽጎ መገኘቱን በቦታው የነበሩ ሰዎች መዝግበዋል። ከ1660 እስከ 1685 የነገሠው ዳግማዊ ቻርልስ ደግሞ ለእነዚህ ውሾች የነበረው ፍቅር ልክ ያለፈ ስለነበር ዝርያው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ሳሙኤል ፒፕስ በ1667 በማስታወሻው ንጉሡ በምክር ቤት ተቀምጦ ጉዳዩን ትቶ ከውሻው ጋር ይጫወት እንደነበር በምሬት ሲጽፍ፣ ጆን ኢቭሊን በበኩሉ ንጉሡ እናት ውሾችን በመኝታ እልፍኙ እንዲወልዱና እንዲያጠቡ በመፍቀዱ ግቢው እንደከረፋ ገልጿል። ሁለቱ ጸሐፊዎች የነቀፉት ነገር በዝርያው ታሪክ ውስጥ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ እልፍኝ ውስጥ ተወልዶ፣ በሰው እግር መካከል ባደገ መንጋ ውስጥ የሚናከስ ወይም የማያርፍ ውሻ ዘሩን የሚያስቀጥልበት ዕድል ጠባብ ነበርና። (በቤተ መንግሥት የትንሽ ውሻ ወግ የእንግሊዞች ብቻ አለመሆኑን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ትንሽ ውሻ ሉሉን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አያጣውም።)

የሌላኛው ወገን ታሪክ የሚገኘው በመሸታ ቤት ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1835 በሬና ድብ በውሻ ማስነከስን በሕግ ሲከለክል፣ የለንደን ተወራራጆች ወደ አይጠመጎጥ ፊታቸውን አዞሩ። ዙሪያውን በጣውላ የታጠረ መድረክ ይዘጋጃል፤ በጆንያና በሽቦ ሣጥን የመጡት አይጠመጎጦች ተቆጥረው ይለቀቁበታል፤ ውሻው ይገባል፤ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ይቆማል፤ ውርርዱም በተገደለው ብዛትና በወሰደው ደቂቃ ይሰላል። ከእነዚህ ውሾች ስሙ እጅግ የታወቀው ታይኒ በ1848 ብሉ አንከር በተባለ የለንደን መሸታ ቤት አንድ ሰዓት ሳይሞላ 200 አይጠመጎጥ መግደሉ ይነገርለታል። የዚህ ውሻ ክብደት ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነበር፤ አንገቱ ላይ ያጠለቁለት የሴት አንባር ነው። ከብዙ ድመቶች የሚያንስ ውሻ መሆኑን ልብ ያለ ሰው፣ መጠንን የገርነት ዋስትና አድርጎ መያዝ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎች አደንን ተከታታይ እርምጃዎች አድርገው ይተነትኑታል፤ ይኸውም መፈለግ፣ አፍጥጦ ማየት፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ መያዝና አራግፎ መግደል ነው። የሰው ልጅ ውሻን ለልዩ ልዩ ተግባር ሲያራባ ከእነዚህ እርምጃዎች አንዳንዱን ሲያጎላ ሌላውን አዳክሟል። በስፓኒየል ዘንድ ፍለጋውና መያዙ ተጠብቀው ሲቆዩ የመጨረሻው ደብዝዟል፤ በቴሪየር ዘንድ ግን ሰንሰለቱ እስከ ጫፉ ድረስ ሳይበጠስ ኖሯል፤ ምክንያቱም አይጠመጎጥን በማጅራቱ ይዞ በማራገፍ የማይጨርስ ቴሪየር ለባለቤቱ ዋጋ አልነበረውም። ቴሪየር ከተኛች ድመት ጎን በሰላም ሊተኛ ይችላል። ያው ቴሪየር ድመቷ ድንገት ስትፈተለክ ተከትሏት ሊነሣ ይችላል፤ የአደኑን ጠባይ የሚቀሰቅሰው ሩጫዋ ነውና።

ይህን እውነት ከገዢ ዓይን የሰወረው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የውሻ ትርኢት ነው። የዮርክሻየር ቴሪየር ለዚህ ዋና ምሳሌ ይሆናል። የዝርያው አያቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን እንግሊዝ የፈለሱ የስኮትላንድ ሸማኔዎች ይዘዋቸው የመጡ አይጥ አዳኝ ቴሪየሮች ሲሆኑ፣ የዝርያው አባት ተብሎ የሚቆጠረው ሃደርስፊልድ ቤን የተወለደው በ1865 ነው። ከዚያ በኋላ ጠጉሩ እንደ ሐር ረዝሞ፣ ግንባሩ ላይ ሪባን ታስሮለት ከጭን ውሾች ተርታ ተመደበ፤ ሪባኑ ግን የተጨመረው ላዩ ላይ ነው።

ስፓኒየሉም ከትርኢቱ መዘዝ አላመለጠም። የውሻ ዘር ሐረግ የሚመዘግበው ኬኔል ክለብ በ1873 ሲቋቋም የንጉሥ ቻርልስ ስፓኒየል አፍንጫ እያጠረ፣ ፊቱ እየተደፈጠጠ መጥቶ ነበር፤ በአሮጌ ሥዕሎች የሚታየው አፈ ረጅም ውሻ ከአንዳንድ ቡችላ በቀር እየጠፋ ሄደ፤ አርቢዎችም እንዲህ ያለው ሲወለድ እንደ ጉድለት ይቆጥሩት ነበር። ሮዝዌል ኤልድሪጅ የተባለ አሜሪካዊ በ1926 በክራፍትስ ትርኢት ላይ የጥንቱን መልክ ይዞ ለሚቀርብ ውሻ የ25 ፓውንድ ሽልማት ያቀረበው ይህን አይቶ ነው። በ1928 ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1945 ደግሞ ይህ ውሻ ካቫሊየር የሚለውን ቅጽል ይዞ ራሱን እንደቻለ ዝርያ ዕውቅና አገኘ። ዛሬ ድመት ላለው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ይኸው ካቫሊየር ሲሆን፣ ምክሩ የሚደገፍበት ታሪክ አለው። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ከጥቂት ውሾች የተራባ በመሆኑ የልብ ቫልቭ ሕመም (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ ክፍል መላላት) በዝርያው እጅግ ተስፋፍቷል፤ ስለዚህ የወላጆቹን የልብ ምርመራ ሳይጠይቁ ቡችላ መግዛት ስንፍና ነው።

ዘር ብቻውን ሁሉን እንደማይወስን ያሳየው ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጥናት ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ቡችላ ማንን ወገኔ ብሎ እንደሚቀበል በአብዛኛው የሚወሰነው ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መሆኑን አስረዱ፤ በድመት ዘንድ ይህ ጊዜ ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ ቀደም ብሎም ያበቃል። በ2008 የታተመ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም ውሻና ድመት አብረው የሚኖሩባቸውን ቤቶች መርምሮ፣ ድመቷ ቀድማ በገባችበት ቤትና ሁለቱም በለጋ ዕድሜያቸው በተገናኙበት ቤት ግንኙነቱ የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። እንደነዚህ ያሉት እንስሳት የሌላውን የአካል ምልክት መረዳት ይማራሉ፤ ጭራ ማወዛወዝ በውሻ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የወዳጅነት፣ በድመት ዘንድ ግን የመቆጣት ምልክት መሆኑ ሳያግዳቸው። ከዚህ የተነሣ ቡችላ የሚፈልግ ቤተሰብ አርቢውን ስለ ዝርያው ከጠየቀ በኋላ ሊጨምረው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቡችሎቹ በተወለዱበት ቤት ድመት መኖር አለመኖሯ ነው።