ዳንግላና የገዚራ ጥጥ

ዳንግላ ከፍ ያለ አገር በመሆኑ ለጥጥ እርሻ አይመችም፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ጥጥን እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. በዚያ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበሩት ሚስተር ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ሲያጠኑ፥ መንግሥታቸው የጣናን ውኃ ይፈልግ የነበረው በሱዳን ለሚገኘው የገዚራ ጥጥ ጭምር ነው። ስለዚህ ውኃ ብዙ ተጽፏል፤ ጥጡን የጐዳችውን ነጭ ዝንብ ግን የታሪክ ጸሐፊዎቻችን እምብዛም አያነሧትም። የሰናር ግድብ በ1925 ቢፈጸምም፥ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ይህች ዝንብ የምታስተላልፈው ቅጠል የሚያጨማድድ በሽታ ከሌሎች ደዌዎች ጋር ምርቱን ቀነሰው። ያን ጊዜ ገበሬው ከለቀማ በኋላ ግንዱን ከነሥሩ ነቅሎ እንዲያቃጥል ተደረገ፤ በሽታውን የሚቋቋም ዘርም ተመረጠ። እኛ ይህን ዘዴ ከኋለኛው ይልቅ ብልኅ ሆኖ አግኝተነዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲ.ዲ.ቲ. መርጨት ተጀመረ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ርጭቱ በአንድ የምርት ዘመን ወደ 9 ጊዜ ደረሰ። መርዙ የዝንቧን ጠላቶች አብሮ ስለ ፈጀ እርሷ በዛች፤ ጥጡም ከእርሷ በሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ እየተጣበቀ በፈትል ፋብሪካዎች ዘንድ የተጠላ ሆነ።