ስለ ጥንተ ነገር ምርምር የመጀመሪያ ትምህርት

አርኪዮሎጂ የሚባለው ትምህርት ስሙን ያገኘው ከጽርእ ቋንቋ ነው፤ ትርጓሜውም የጥንትን ነገር መናገር ማለት ነው። ታሪክ ጸሐፊ ከብራናና ከወረቀት የሚያገኘውን ነገር የዚህ ትምህርት ባለሙያ ከአፈርና ከድንጋይ፥ ከገልና ከዐመድ፥ ከአጥንትና ከከሰል ይፈልገዋል። ብዙ ሰው ግን ሥራው ወርቅ ፍለጋ ይመስለዋል። ዶማና ወንፊት የያዙ ሰዎች በአንድ ኮረብታ ላይ ሲሠሩ ያየ ሁሉ ምን አገኙ ብሎ ይጠይቃል እንጂ፥ ከየት አገኙት፥ ከምንስ ጋራ አገኙት ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ትምህርት ሀ ሁ ግን ይህ ኋለኛው ጥያቄ ነው። ነገሩን ለማስረዳትም ከአክሱምና ከአካባቢዋ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

በ1898 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ቁጥር በ1906)፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ ሊቁ ኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን የምርምር ጓድ ወደ አክሱም መጣ። ከእርሱም ጋራ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሊፕኬ የተባሉ የሕንፃ ዐዋቂዎች ነበሩ። በከተማዪቱ የቈዩት ጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በዚያች አጭር ጊዜ ሐውልቶቹን ለኩ፥ በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ገለበጡ፥ የአብያተ ክርስቲያናቱን ሕንፃ በንድፍ ሣሉ፥ ፎቶግራፍም አነሡ። መሠረቱን ካጠኑት ፍርስራሽ አንዱ ታዕካ ማርያም የሚባለው የጥንት ቤተ መንግሥት ነው። የግንቡን መስመር እየተከተሉ ወደ 120 ሜትር በ80 ሜትር የሚሆነውን ሰፊ ግቢ ከነክፍሎቹና ከነደረጃዎቹ በወረቀት ላይ አኖሩት። የሥራቸውም ውጤት በአውሮፓውያን ቁጥር በ1913 በበርሊን ከተማ በአራት ክፍል ታተመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጀማሪ ሁሉ ሊያስተውለው ይገባል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ በታዕካ ማርያም ፍርስራሽ ላይ መንገድ ተጠረገ። ከቤተ መንግሥቱም የቀረው እጅግ ጥቂት ሆነ። ዛሬ ስለዚያ ሕንፃ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚመለከተው ድንጋዩን ሳይሆን በ1898 ዓ.ም. የተሣለውን ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ የታላቁ ሕንፃ ስሙ ብቻ በሰው አፍ ይቀር ነበር። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ለጀማሪ አስቀድሞ የሚሰጠው ዶማ አይደለም፤ ገመድ፥ መለኪያ፥ እርሳስና መዝገብ ነው።

ቀጥሎ የሚማረው የአፈርን ንብብር ነው። ሰው በሚኖርበት ስፍራ መሬት ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል። ቤት ይሠራል፥ ወለሉ ይደለደላል፥ የምድጃው ዐመድና የማጀቱ ጥራጊ ይከማቻል፤ ቤቱ ሲፈርስም ጭቃውና ድንጋዩ በዚያው ላይ ይወድቃል፥ የሚመጣውም ትውልድ ደልድሎ በላዩ ይሠራል። በመሶብ የተነባበረ እንጀራ ሁሉ የታችኛው አስቀድሞ የተጋገረ እንደ ሆነ፥ በምድርም የታችኛው ንብብር ከላይኛው ይቀድማል። ይህ ሕግ ሲነገር ቀላል ነው፤ በሥራ ግን ያስቸግራል። ምክንያቱም ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የእህል ጉድጓድ ይቈፍራል፥ መቃብር ያወጣል፥ የአሮጌ ቤት ድንጋይ ነቅሎ ለአዲስ ቤት ይወስዳል። ትናንት የተሰበረ ማሰሮ በጉድጓድ ገብቶ ከሺህ ዓመት ዕቃ ጎን ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው በአካፋ እየዛቀ አይወርድም፤ በትንሽ የግንበኛ ማንኪያና በብሩሽ እየጠረገ የአፈሩ መልክ የሚለወጥበትን ቦታ ይከታተላል። ቀዩ አፈር ወደ ጥቁር፥ ጠንካራው ወደ ልል የተለወጠበት መስመር የጉድጓዱን ከንፈር ያሳየዋል። ከጉድጓዱ የወጣውን ለብቻ፥ ከወለሉ የወጣውን ለብቻ ያኖራል፤ የተቈፈረውንም አፈር በወንፊት ይነፋል።

ከሚወጣው ነገር ሁሉ የሚበዛው ገል ነው። ለማያውቅ ሰው ገል ከጠጠር አይሻልም፤ ለዚህ ትምህርት ግን ከወርቅ የሚበልጥ ምስክር ነው። ወርቅን ሌባ ይወስደዋል፥ እንጨትን ምስጥ ይበላዋል፥ ብረትን ዝገት ይጨርሰዋል፤ የተሰበረ እንስራ ግን የሚፈልገው ስለሌለ ከወደቀበት ስፍራ ይቈያል። እንደ ገናም የሸክላ አሠራር በየዘመኑ ይለወጣል፤ የጋኑ አፍ፥ የማሰሮው ጆሮ፥ የጌጡ ዐይነት የእናትና የልጅ ልጅ አንድ አይደለም። ይህንን በሥራ ያሳየው እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ ነው። እርሱ በአውሮፓውያን ቁጥር በ1890 በፍልስጥኤም ምድር ቴል ኤል ሔሲ በሚባለው ጉብታ ላይ ሲሠራ፥ በየንብብሩ የወጣውን ገል እያነጻጸረ የከተማውን ዘመናት በተራ አስቀመጠ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ብዙዎች ሐውልትና ጽሑፍ ካላገኙ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ይመስላቸው ነበር።

የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፥ በብርና በነሐስ ገንዘብ አሠርተዋል። የንጉሥ ዒዛና ገንዘብ በመጀመሪያ የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረበት፤ ንጉሡ በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ግን በዚያ ፈንታ መስቀል ተተካ። እንዲህ ያለው ገንዘብ ከዝናም በኋላ በእርሻ ላይ ይገኛል፤ ልጆችም ለቅመው ለመንገደኛ ይሸጡታል። በዚያን ጊዜ የሚቀረው የንጉሡ ስምና መልክ ብቻ ነው። ያው ገንዘብ ባልተሰበረ ወለል ሥር ቢገኝ ግን፥ ወለሉ ከዚያ ንጉሥ ዘመን በፊት እንዳልተሠራ ይመሰክራል። ቢሆንም ጀማሪ እዚህ ላይ መቸኰል አይገባውም። ገንዘቡ ወለሉ ከዚያ ወዲህ መሠራቱን ይናገራል እንጂ በዚያው ዓመት መሠራቱን አይናገርም። የማርያ ቴሬዛ ብር በላዩ የተጻፈበት ዘመን 1780 ነው፤ ነገር ግን ያንኑ ቁጥር እንደ ያዘ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ይታተም ነበር፥ በኢትዮጵያም ገበያ ይሠራበት ነበር። በምኒልክ ዘመን በተሠራ ቤት ሥር ይህን ብር ያገኘ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ቤቱ በ1780 ተሠራ ቢል ከመቶ ዓመት በላይ ይስታል።

ገንዘብም ጽሑፍም በሌለበት ሌላ መለኪያ አለ። በአውሮፓውያን ቁጥር በ1949 አሜሪካዊው ዊላርድ ሊቢና ባልደረቦቹ በሕይወት የነበረ ነገር ሁሉ፥ እንጨትም ቢሆን አጥንትም ቢሆን፥ በውስጡ ያለው ራዲዮካርቦን ከሞተበት ቀን ጀምሮ በታወቀ ልክ እየቀነሰ እንደሚሄድ በመለካት ዘመንን መቍጠር እንደሚቻል አስረዱ። ከ5,730 ዓመት ገደማ በኋላ እኩሌታው ብቻ ይቀራል። ድንጋይና ወርቅ በዚህ አይለኩም፤ የተቃጠለ የስንዴ ፍሬ ግን ይለካል። የእህል ፍሬ ከወጋግራ ይመረጣል፤ እህል የሚበላው በተመረተበት ዘመን አካባቢ ነውና፥ ወጋግራ ግን ከአሮጌ ቤት ወደ አዲስ ቤት ሲዛወር ብዙ ዘመን ይኖራል።

እነዚህ ሁሉ መለኪያዎች ከሕዝብ አፈ ታሪክ ጋራ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ከአክሱም በስተ ምዕራብ ዱንጉር በሚባለው ስፍራ 50 ያህል ክፍሎች ያሉት ታላቅ ሕንፃ አለ፤ የአገሩ ሰው የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ቈፍሮ ሲመረምረው፥ ሕንፃው ከክርስቶስ ልደት በኋላ የ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ንጉሥ ሰሎሞን የነገሠው ከልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት ስለ ሆነ፥ በመካከሉ 1,500 ዓመት ያህል አለ። ይህን የሰማ አንዳንዱ ይቈጣል፥ አንዳንዱም በአባቶቹ ወሬ ይሣለቃል፤ ሁለቱም ያለ መጠን ይሄዳሉ። አፈሩ የተናገረው ስለ አንድ ቤት ነው፤ ያ ቤት መቼ እንደ ተሠራ ተናገረ፥ ስለ ንግሥቲቱ ግን ምንም አልተናገረም። ደግሞም ወሬው ራሱ ከንቱ አይደለም፤ ሕዝቡ ስፍራው የታላላቆች ማደሪያ እንደ ነበር ሳይረሳ መኖሩን ያሳያል።

እንዲህ ያለ ትዝታ መንገድ የመራበትም ጊዜ አለ። ከየሓ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች ቤተ ሰማዕቲ የሚሉት ጉብታ አለ። የስፍራው ሰዎች ጉብታው ታላቅ ነገር እንደ ነበረበት ከአባቶቻቸው ሰምተው ነበር፤ ምን እንደ ነበረ ግን አልታወቀም ነበር። በማይክል ሃሮወር የሚመሩ ተመራማሪዎች በ2003 ዓ.ም. (2011) ገደማ መቈፈር ጀመሩ፤ የሥራቸውም ወሬ በ2012 ዓ.ም. (2019) ታተመ። በዚያ የ4ኛው መቶ ዓመት የሆነ፥ 18 ሜትር ያህል የሚረዝም ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ ተገኘ። የበሬ ራስ የተቀረጸበት ዕንቍ ያለው የወርቅ ቀለበትም ወጣ፤ መስቀልና የግዕዝ ጽሑፍ ያለበት የድንጋይ ጌጥም ተገኘ። ጋዜጦች የተቀባበሉት ቀለበቱን ነው። የከተማዪቱን ዕድሜ ያስረዳው ግን የከሰሉ ልኬት ነው፤ ሰዎች በዚያ የተቀመጡት ከልደት በፊት ከ8ኛው መቶ ዓመት እስከ ልደት በኋላ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ መሆኑ ከዚያ ታወቀ።

ሌላው ትምህርት መታገሥ ነው። በ1966 ዓ.ም. ኔቪል ቺቲክ የሚባለው እንግሊዛዊ በአክሱም ሐውልቶች አጠገብ ሲሠራ የጡብ ቅስት ያለበት የመቃብር ዋሻ አገኘ። ዋሻው በጥንት ዘመን ሌባ የገባበት ቢሆንም ብዙ ዕቃ ነበረበት። በዚያው ዘመን አብዮቱ ተነሣና ሥራው ተቋረጠ፤ ቺቲክም በአውሮፓውያን ቁጥር በ1984 ሞተ። ነገር ግን የጻፈው መዝገብ ስላልጠፋ ስቱዋርት ሞንሮ ሄይ በ1989 አሳተመለት፤ ዴቪድ ፊሊፕሰንም ከ1985 ዓ.ም. (1993) ጀምሮ ተመልሶ ያን መቃብር ሲመረምር በጥበብ የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ አወጣ። ሃያ ዓመት ያህል በአፈር ሥር መቈየቱ ዕቃውን አልጎዳውም። መዝገብ ሳይዝ የሚቈፍር ሰው ግን በአንድ ቀን የሚያጠፋውን ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ አንድ ጊዜ የተቈፈረ ንብብር ሁለተኛ አይቈፈርምና።

ይህ ነገር ደብሮችን የሚነካበት ምክንያት አለ። በሰሜኑ አገር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በጥንት ሕንፃ ላይ ወይም በአጠገቡ የተሠሩ ናቸው። በየሓ ያለው፥ ከልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራው የጣዖት መቅደስ፥ ግንቡ እስከ ዛሬ ሊቆም የቻለው በኋለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ነው ይባላል። ምእመናን ለአዲስ ቤተ ክርስቲያን፥ ለአጥር ወይም ለውኃ መስመር መሠረት ሲቈፍሩ በአንድ ጧት ብዙ ዘመን ያቋርጣሉ። ሥራው የተቀደሰ ስለ ሆነ ችኰላው ይበዛል፤ የወጣው ጥርብ ድንጋይ ለግንብ ይገባል፥ ገሉም ከአፈሩ ጋራ ይደፋል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ድንገት የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት እንዲነገር አዝዟል። ሹሞቹ እስኪደርሱ ድረስ ደግሞ አንድ ዲያቆን ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ቍፋሮውን በዚያ ቦታ ብቻ ያስቆም፤ ዕቃውን አይጠብ፥ አይፈግፍግ፥ ባይነቀልም ይሻላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ከየትኛው ማእዘን ስንት ክንድ እንደሚርቅ፥ ከመሬት ገጽ ስንት ስንዝር እንደሚጠልቅ ይለካ። የአፈሩን መልክ፥ ከላዩና ከታቹ ያለውን፥ በአጠገቡ ዐመድ ወይም አጥንት ወይም ወለል የመሰለ ነገር ካለ በደብሩ መዝገብ ይጻፍ፤ የቻለ ፎቶግራፍ ያንሣ፥ በፎቶግራፉም ውስጥ ልኩ እንዲታይ መቋሚያ ከጎኑ ያጋድም። ቀኑንና ያዩትን ሰዎች ስም ከጻፈ በኋላ ጉድጓዱን በሣርና በቈርቈሮ ይክደን፤ ጠባቂም ያቁም።