ማባረርን በአደባባይ ስለማወጅ፤ ከሁለት ውግዘቶች ታሪክ

አንድ ማኅበር ከአባላቱ አንዱን ሲያሰናብት ውሳኔውን ለቀሩት በይፋ ማሰማት ይገባዋልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ በሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል እስኪገጥመኝ ድረስ። ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው አባል ዕቃውን ለሌላ ድግስ እያከራየ ኪራዩን ለራሱ ሲያደርግ ተገኘ። በደንቡ መሠረት እንዲሰናበት ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ግን ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቹ «በወሩ ስብሰባ ስሙ ከነጥፋቱ ይነበብ» አሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ደብዳቤ ይሰጠውና በዝምታ ይሰረዝ፤ የልጆች አባት ነው» አሉ። በመጨረሻ የታረቅነው ስሙን አንብበን ጥፋቱን በመተው ነበር። ያነበብሁትም እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰውዬው የሟች ቤተሰብ ገንዘብ በልቷል የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳረሰው። ክብሩን እንጠብቅለት ብለን የተውነውን ቦታ ሰው በገዛ ግምቱ ሞላው።

ቀደም ሲል ለሌላ ጉዳይ ያነበብኋቸውን ሁለት የውግዘት ታሪኮች በዚህ ዓይን እንደገና እንድመለከት ያደረገኝ ይህ ገጠመኝ ነው። አንደኛው የአምስተርዳም፣ ሁለተኛው የአዲስ አበባ ነው። በዘመንም በይዘትም የተራራቁ ቢሆኑም አብረው ሲነበቡ አንዱ ሌላውን ያስረዳል።

በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት አምስተርዳም የሠፈሩት የፖርቱጋል አይሁድ ከኢንኩዊዚሲዮን ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ወይም የስደተኞች ልጆች ነበሩ። የማኅበሩ አስተዳዳሪዎች ሥርዓት ያፈረሰን አባል «ሔሬም» በተባለው ውግዘት ይቀጡ ነበር። አብዛኛው ሔሬም ለአጭር ጊዜ የሚቆይ፣ ይቅርታ በመጠየቅ ወይም መቀጮ በመክፈል የሚነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 1656 በምኩራቡ ውስጥ የተነበበው ግን ከዚህ የተለየ ነው። የተወገዘው የ23 ዓመቱ ነጋዴ ባሩክ ስፒኖዛ ነበር። በማኅበሩ መዝገብ በፖርቱጋል ቋንቋ የሰፈረው ጽሑፍ ማንም በቃልም ሆነ በጽሕፈት እንዳይገናኘው፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንዳይቀመጥ፣ አራት ክንድ እንዳይቀርበው፣ የጻፈውንም እንዳያነብ ያዛል። ስለ ጥፋቱ ግን አስከፊ ክሕደትና አስነዋሪ ሥራ ከማለት አልፎ ይህን አለ፣ ይህን አደረገ የሚል አንድ ነገር አይናገርም። ስፒኖዛ በዚያን ጊዜ ያሳተመው አንዳች መጽሐፍ አልነበረም፤ የመጀመሪያው የወጣው በ1663 ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመታት በኋላም ጥፋቱ ምን ነበር እያሉ ይከራከራሉ። ስም ተነቦ ምክንያት ሲቀር ምን እንደሚከተል በእድራችን በሁለት ሳምንት ያየሁት በአምስተርዳም መቶ ዓመታትን ያስቆጠረ ነው።

ታዲያ ምክንያቱ ይነገር ብለን ማለፍ እንችላለን? ወደ ሁለተኛው ታሪክ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ሲያውጁ፣ ቃሉን የሚያፈርስ ሁሉ በእርግማንና በግዝት እንዲታሰር ተደርጎ ነበር። ሹማምንቱም ምለዋል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል፣ መኳንንቱና ካህናቱ በቤተ መንግሥት ተሰብስበው በልጅ ኢያሱ ላይ የቀረበውን ክስ ሰሙ። ክሱ ምክንያት አልጎደለውም፤ ሃይማኖቱን ለውጧል የሚል ነበር። ይሁን እንጂ እውነትነቱን የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ድረስ ያከራክሩበታል፤ ከምሥራቁ ሕዝብና ከሙስሊሞች ጋር የመሠረተውን የፖለቲካ ዝምድና ጠላቶቹ ክሕደት ብለው ተረጎሙት የሚሉ ጥቂት አይደሉም። በአደባባይ የተነገረ ምክንያት ግን እንደ ፍርድ ሆኖ ይጸናል። እርሱ በዚያን ዕለት በምሥራቅ፣ በሐረርጌ ነበር፤ ቆሞ የሚመልስለትም አልነበረም።

ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ያመነቱት በመሐላው ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ልብ ማለት የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የዚያን ዕለቱ ቃል ሁለት ገጽታ ነበረው፤ በአንድ በኩል ልጅ ኢያሱን ያወግዛል፣ በሌላ በኩል ተሰብሳቢዎቹን ከመሐላቸው ይፈታል። ከሁለቱ ለአድማጩ የሚበልጠው መፈታቱ ነበር። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሊባሉ የቻሉት ሰሚው ከመሐላው በመፈታቱ ነው። ስፒኖዛም ሔሬሙ ሲነበብ በምኩራቡ እንዳልነበረ ይታመናል። እንግዲህ በሁለቱም ቦታ አዋጁ የተነገረው ለተወገዘው ሳይሆን ለቀሩት ነው። አምስተርዳም «አትቅረቡት» አለች፤ አዲስ አበባ «መሐላችሁ አይዛችሁም» አለች። አዋጁ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም ብለን ስንመዝንም ተባራሪው ምን ተባለ ከሚለው ይልቅ ቀሪው ምን ታዘዘ የሚለውን ማየት ይኖርብናል።

የእኛ ቋንቋ ይህን የሚያውቅ ይመስላል። ውግዘት «ማሰር» ነው፤ ተቃራኒው «መፍታት» ነው። ካህን «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላል፤ ለሟች የሚደረገውም ጸሎት ፍትሐት ይባላል። ባሰሩበት አደባባይ መፍታት ተገቢ ነው ብዬ በሙሉ ልብ እጽፍ ነበር፤ የኡሪኤል ዳ ኮስታን ታሪክ ባላውቅ። ከስፒኖዛ ቀድሞ በዚያው በአምስተርዳም የተወገዘው ይህ ሰው ወደ ማኅበሩ ልመለስ ባለ ጊዜ በምኩራብ ጥፋቱን እንዲያነብ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ግርፋት እንዲቀበል፣ በመጨረሻም ደፍ ላይ ተጋድሞ ሕዝቡ እንዲራመደው መደረጉን ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪክ ተርኳል። ብዙም ሳይቆይ በ1640 ራሱን ገደለ። መፍታትም በአደባባይ ሲሆን እንዲህ ሊሆን ይችላል።

በልጅ ኢያሱ ላይ ደግሞ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። የተሻረው በአደባባይ፣ የሞተው በስውር ነው። በ1913 ዓ.ም. ተይዞ በፍቼ ታሰረ፤ በ1924 አምልጦ እንደገና ተያዘ፤ በኅዳር 1928 በእስር ላይ እንዳለ አረፈ። አሟሟቱና መቃብሩ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። መሻሩን ለሕዝብ ያወጀ መንግሥት መሞቱን ግን በዚያው መጠን ግልጽ አላደረገም፤ ወሬውም በሁለቱ መካከል በተተወው ክፍተት ኖረ።

ከእድሩ የተሰናበተው ሰው እናቱ የሞቱበት በዓመቱ ነው። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳንም አልተተከለም። ለቀስተኛው አንድ አንድ እያለ መጥቶ በግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ብዙዎችም ቀሩ። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ፣ ያን ጊዜ ስሙን ስታነብ ለቅሶም አትድረሱ ማለትህ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አለመሆኑን ተናገርሁ። ቤቴ ገብቼ ቃለ ጉባኤውን ስገልጥ ያገኘሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ስሙና «ተሰናብቷል» የሚል ቃል፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት።