ገማችና ናሙና፦ አርሲ ስትመዘን የኖረችበት ታሪክ

ዛሬ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው የዚህኛው ፋብሪካ ሥራ ከዚያኛው ይበልጣል የሚል ጥናት ሲቀርብለት ስንት ባለመኪና ተጠየቀ ብሎ መመርመሩ የዘመናችን ልማድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከጥቂቱ ተነሥቶ በብዙው ላይ መፍረድ፥ የተፈረደበትም ሰው ፍርዱ ከምን እንደ ተነሣ ጠይቆ ማጕረምረሙ፥ ከሞተር አስቀድሞ የነበረ ነገር ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ለመከተል የሚሻ ሰው ከአሰላ ደጋ አንሥቶ በካታር ወንዝና በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ እስካለችው እስከ ኦጎልቾ ድረስ የተዘረጋውን የአርሲን ምድር ቢመለከት ይበቃዋል።

ከአርሲ አስቀድሞ ግን ለነገሩ ጥንታዊ ምሳሌ አለው፤ በኦሪት ዘኍልቍ እንደ ተጻፈ፥ ሙሴ ወደ ከነዓን የላካቸው ዐሥራ ሁለቱ ሰላዮች ከኤሽኮል ሸለቆ አንድ የወይን ዘለላ ቈርጠው ለሁለት በመሎጊያ ተሸክመው ተመለሱ። ዘለላውን ሁሉም በዓይናቸው አይተው ሳለ ዐሥሩ ምድሪቱን አስፈሪ አድርገው ሲያወሩ ሁለቱ መውረስ እንችላለን አሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ክርክራቸው አይደለም፤ ለመሸከም ሁለት ሰው የሚያስፈልገውን ዘለላ መርጠው የቈረጡ ሰዎች ትንንሾቹን ዘለላዎች በቦታቸው ትተው መምጣታቸው ነው።

በአርሲ ምድር ከጥቂቱ ተነሥቶ በብዙው ላይ መፍረድ ግብር ሆኖ መጣ። አገሩ በ1879 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት እጅ ከገባ፥ ክፉ ቀን የተባለውም ረኃብ ሰውንና ከብቱን ካረገፈ በኋላ፥ ወታደሩ በየገበሬው ቤት እየተመራ መብላቱ ቀርቶ ገበሬው ከምርቱ ዐሥረኛውን እጅ እንዲሰጥ በ1885 ዓ.ም. ገደማ ተደነገገ። አሳቡ ለገበሬው የራራ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዐሥረኛውን ለመውሰድ አስቀድሞ ሙሉው መታወቅ ነበረበትና፥ በየማሳው የሚደርስ ሚዛን ስላልነበረ፥ ገማች የሚባለው ሰው በአዝመራው ዳር ቆሞ፥ ወይም ክምሩን ዞሮ አይቶ፥ ይህን ያህል ይወጣዋል ብሎ ይቈርጥ ነበር። ያማረውን ጥግ አይቶ በማሳው ሁሉ ላይ ቢያሰላው ገበሬው ያላመረተውን እህል ይከፍላል፤ እጅ መንሻ ቢቀርብለት ደግሞ የሞላው አዝመራ በዓይኑ ፊት ይሳሳል። ከእንዲህ ያለ ዳኛ ይግባኝ ማለት ቀላል አልነበረም፤ እህሉ አንዴ ከታጨደ ማስረጃው የለምና።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የገማቹን ዓይን በገንዘብ ተካው፤ በቃላድ የተለካው አንድ ጋሻ መሬት፥ ይኸውም ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋው፥ ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ደረጃ ተመድቦ፥ የአሥራቱ ምትክ ተጨምሮበት 50፥ 40 እና 15 ብር እንዲከፈልበት ሆነ። በ40 ሄክታር ውስጥ ረግረጉም ድንጋያማውም ጥቍሩም አፈር ሊገኝ እንደሚችል የታወቀ ሲሆን፥ መዝገቡ ግን ለሁሉ አንድ ስም ሰጠው።

አሥራት ፈጽሞ የቀረው በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ነው፤ የዚያው ዓመት መግቢያ ደግሞ ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት፥ ካዱ ተብሎ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ሥራ የጀመረበት ጊዜ ነበርና፥ አሥራት በወጣበት በር ቈጣሪው ገባ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ካዱ በአገራችን ገጠር ውስጥ ከእርሱ በፊት ባልታየ ትጋት ይጠይቅ፥ ይለካ፥ ያትም ነበር፤ በቁሉምሳ ስንዴ ይሞክራል፥ የገበሬውን ቤተ ሰብና ማሳ ይመዘግባል፥ ማዳበሪያው ያስገኘውን ትርፍ ያሰላል። ሆኖም ሥራውን የጀመረው ከአሰላ ዙሪያ ነው፤ አዲሱን ዘር ለሕዝብ የሚያሳየውም ሞዴል በተባሉ ገበሬዎች ማሳ ላይ ነበር። ዝናም ከማይጐድልበት ከደጋው መንገድ ዳር የተገኘ የሄክታር ኩንታል እውነተኛ ቍጥር ሊሆን ይችላል፤ ዝናሙ ስለሚያጥራት ስለ ቆላማዋ ኦጎልቾ ግን ምንም አይመሰክርም።

የእርሻ መሣሪያውም ምርመራ እንዲሁ ነበር። ካዱ የተሻሻለ ማረሻና መከስከሻ እየሠራ ሞከረ፤ ገበሬው ግን ጥቂቱን ብቻ ተቀበለ። በሙከራ ማሳ ላይ የሚለካው የቈረጠው ጥልቀትና የበሬው ድካም ሲሆን፥ ገበሬው የሚመዝነው በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሌላው ማሳ መሄድ መቻሉን፥ ሲሰበርም የመንደሩ ቀጥቃጭ ሊጠግነው መቻሉን ነበርና፥ የጥያቄው ዝርዝር የተዘጋጀው መልሱ በማይመለከተው ሰው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የትራክተሩ ነገር ነው። ባለ ርስቶች ጭሰኛውን እያስነሡ በሞተር ማረስ በጀመሩ ጊዜ፥ በሄክታር የተገኘውን ኩንታል ብቻ የሚጠይቅ ጥናት ትራክተሩን ያመሰግን ነበር፤ የተፈናቀለው ጭሰኛ በማሳው ላይ አይገኝምና በናሙናው ውስጥ አይገባም። ካዱን ልናመሰግነው የሚገባን በዚህ ነው፤ ሄኖክ ክፍሌ የሜካናይዝድ እርሻ በገበሬው ላይ ያመጣውን ጉዳት የመረመረበትን ጥናት በ1964 ዓ.ም. አሰላ ላይ ያሳተመው ድርጅቱ ራሱ ነበር።

የናሙና ብዛት ብቻውን እንደማያድን ዓለም የተማረው በባለመኪኖች ምክንያት ነው። በ1929 ዓ.ም. ጥቅምት ከተደረገው ምርጫ በፊት ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ፕሬዚዳንት ማን እንደሚሆን ለማወቅ 10 ሚሊዮን ያህል የመጠይቅ ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ክፍላተ ሀገር 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ ስሞቹን የለቀመው በአመዛኙ ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለ ነበር በዚያ የችግር ዘመን መኪና የሌለውን ሕዝብ አልጠየቀም፤ ከተጠየቁትም አብዛኞቹ አልመለሱም። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ግን ወደ 50 ሺሕ የሚሆን ሰው ብቻ ጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

በአገራችን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ1953 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የተለመደው የግብርና ናሙና ጥናት ይህን ትምህርት ይዟል። አባወራዎቹ በዕጣ ይመረጣሉ፤ በማሳውም ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ተከልሎ እህሉ ታጭዶ ይመዘናል። ይህ ከአንድ ሄክታር 625ኛው እጅ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ቦታውን የሚለየው የሰው ዓይን ሳይሆን ዕጣ በመሆኑ ከገማቹ ፍርድ ይልቅ ይታመናል፤ ጭቃውን የጠላ ሠራተኛ ዕጣውን ትቶ ከዳር ካላጨደ በቀር።

ዓመታትም ናሙና ናቸው። የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል በ1997 ዓ.ም. የለቀቀው ዲገሉ የተባለው ስንዴ፥ በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ካጠፋ በኋላ በብዙ ገበሬ ዘንድ ተዘርቶ ተመሰገነ፤ በ2006 ዓ.ም. ግን በባሌና በአርሲ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተነሥቶ ፈጀው። የቀድሞዎቹ ሙከራዎች አልዋሹም፤ ያ ዋግ ባልነበረበት ዘመን የተደረጉ ናቸው።

ጄ.ዲ. ፓወር የተባለው የአሜሪካ ድርጅትም አዲስ መኪና የገዙትን በ90 ቀን፥ ሌሎቹን በሦስተኛ ዓመታቸው ለይቶ መጠየቁ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ግን አብዛኛው ገዥ የሚያምነው መካኒኩን ነው፤ መካኒኩ ደግሞ የተበላሸውን እንጂ ደኅናውን መኪና አያይም፤ በመንገድ ላይ የበዛውም በጋራዡ ይበዛል። አይሱዙ የጭነት መኪና በአደጋው ምክንያት አልቃይዳ የሚል ቅጽል ሲወጣለት፥ ስሙን ያወጡት ሰዎች አደጋውን በመኪናው ብዛትና በሄደበት ኪሎ ሜትር አካፍለው አልነበረም።

እንግዲህ በአገራችን የመኪናን ወይም የትራክተርን ጥራት ሊያጠና የሚነሣ ሰው ቢኖር፥ ስሞቹን ከአስመጪዎች ደንበኞች ዝርዝር ሳይሆን ከሰሌዳ መዝገብ በዕጣ ያውጣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ተመልሶ ይጠይቅ፤ ያልመለሱትንም ሰዎች ቍጥር ከመለሱት ቍጥር አጠገብ ያትም።