ገድል ያልተጻፈላቸው ሰዎች

መጋቢት 12 ቀን በስንክሳር የሚነበብ አንድ ታሪክ አለ። ድሜጥሮስ የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳስ ነው። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ በስሙ ስለሚነገር እኛ አገር እሱን የማያውቅ ካህን የለም። ከሹመቱ በፊት የወይን አትክልተኛ ነበር። ወላጆቹ ከዘመዱ ልጅ ከልዕልተ ወይን ጋር አጋቡት። ሁለቱ ግን ተስማምተው በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ እኅትና ወንድም 48 ዓመት ኖሩ። ሲሾም ሕዝቡ ሚስት ያለው ሰው በማርቆስ መንበር ተቀመጠ ብሎ አጉረመረመ። ድሜጥሮስም ከቅዳሴ በኋላ እሳት አስነድዶ ፍሙን በእጁ እያፈሰ በራሱ ልብስና በሚስቱ መጎናጸፊያ ላይ አደረገው። ፍሙን ይዘው በሕዝቡ መካከል ሲዞሩ ልብሱ አልተቃጠለም። ያን ጊዜ ታመኑ።

አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ይህን ታሪክ ደብረ ታቦር ውስጥ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ዛሬ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። አላገባሁም፤ ወንድም ሆነ ሴት በሥጋ ተመኝቼ አላውቅም። የከዳኝ ሰው፣ የደረሰብኝ ግፍ፣ የተሳልኩት ስለት የለም። እንዲሁ ነኝ። ለዚህ ነው የድሜጥሮስ ፍም ዕድሜዬን ሙሉ ሲያሳስበኝ የኖረው። ሁለት ሰዎች መኝታቸው ምን እንደሚመስል ለማሳመን እሳት መታቀፍ ነበረባቸው። እንደኔ ያለ ሰው በዚህ በአገሬ በጉና ተራራ ምድር የት ታየ? የሚጻፍለትስ መቼ ነው?

ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ርብና ጉማራ ከሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ምድሩ የገብስና የድንች ነው፤ ብርዱም ጽኑ ነው። በዚህ ደጋ ቤት የሚቆመው በሁለት ሰው ነበር። ወንዱ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ሴቷ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ትፈትላለች። ላጤ ወንድ እህሉን የሚፈጭለት የለውም፤ ብቻዋን ያለች ሴት ሞፈር የሚጨብጥላት የላትም። ስለዚህ ጋብቻ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተቆርጦ፣ ሁለት ቤተሰብ የሚዋዋለው ጉዳይ ነበር። ልጅቱ ነፍስ ሳታውቅ ትዳራለች። ፍላጎቷን የሚጠይቅ ስላልነበረ፣ ፍላጎት እንደሌላት የሚያውቅም አልነበረም።

መውጫው ግን አልጠፋም። አንድ ጊዜ ተድራ የተፋታች ሴት የአባቷን ቤት ግዴታ እንደ ፈጸመች ይቆጠርላት ነበር። ፈት ተብላ የራሷን ጎጆ ቀልሳ፣ ጠላ ጠምቃ ወይም ፈትላ ብትኖር ድንግሏን ልጅ ያህል የሚጨቀጭቃት የለም። ዕድሜዋ ሲገፋ ቆብ ታጠልቃለች፤ አገሩም እማሆይ ይላታል። አክስቴ በዚህ መንገድ ነበር ያለፉት። በልጅነት ከተዳሩበት ቤት ተመልሰው ሌላ ባል አላገቡም። ካደግሁ በኋላ ለምን ሳያገቡ እንደቀሩ ብጠይቃቸው፣ «ነገሩ አልጣመኝም፣ ልጄ» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አልጨመሩም። ሰው ሁሉ ግን ስለ ቆባቸው እንጂ ስለዚያች አንድ ቃል አይናገርም ነበር።

ወንዶቹን ደግሞ የአብነት ትምህርት ቤት ሸሸጋቸው። በጋይንት በኩል ሁለት ታላላቅ ጉባኤዎች አሉ፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለድጓ ቤተ ልሔም። ከየአገሩ የመጣ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከመንደር መንደር እየለመነ ዓመታት ይቆይባቸዋል። ያ ሁሉ ዘመን ለምን አላገባህም የሚለው የለም፤ ተማሪ ነውና። ጥያቄው የሚመጣው ቅስና ሲፈልግ ነው። ዲያቆኑ ከመቀሰሱ በፊት ወይ በሥርዓት ያገባል፣ ወይ ይመነኩሳል። ሦስተኛ መንገድ የለም። ከጉባኤ ጉባኤ እየዞሩ ሲማሩ ያረጁ ነበሩ። ከነሱ መካከል ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ዕረፍትም ሲፈልጉ የኖሩ ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

የዚያ ዘመን ብዙኃን መገናኛ መጽሐፉና የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነበር። በሁለቱም ላይ ጋብቻን ትተው የሄዱ ሰዎች ሞልተዋል። ጥቅምት 14 የሚታሰበው ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ሆኖ በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ ወጥቷል። በአባቱ ደጅ የወደቀ ለማኝ ሆኖ፣ ውሾች ቁስሉን ሲልሱት ይሣላል። ከእኛው አገር ደግሞ ወለተ ጴጥሮስ አለች። የዐፄ ሱስንዮስ መኰንን የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱ። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል ባሏን ትታ መነኰሰች። እንደሷ ትዳሯን ትታ ከመጣችው ከእኅተ ክርስቶስ ጋርም እስከ ሞት ተጓዳኝ ሆነው ኖሩ። ገድሏ በ1672 እ.ኤ.አ.፣ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በገላውዴዎስ እጅ ተጻፈ። መታሰቢያዋም በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ ጣና ዳር ቆራጣ ላይ ጸንቶ ኖሯል። ገድሉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታተም በሁለቱ ሴቶች ፍቅር ላይ ብዙ ክርክር ተነሣ። ልጆች የወለደችውን ወለተ ጴጥሮስን እንደኔ ናት አልልም። እኔን የሚያኮራኝ ሌላ ነው፤ የጣና ዳር ሰው ሁለት ሰዎች ያለ መኝታ ዕድሜ ልካቸውን ሊዋደዱ እንደሚችሉ ከ300 ዓመት በላይ ሳይጠራጠር ማንበቡ።

ይህ ትልቅ ቅርስ ነው፤ ግን ጎደሎ አለበት። ገድል የሚጻፈው ለታገለ ነው። ቅዱሱ ሥጋው ይፈትነዋል፣ ሰይጣን በሴት አምሳል ይመጣበታል፣ እሱም በጾምና በስግደት ያሸንፋል። ፈተናው ጭራሽ ያልመጣበት ሰው ምን ተብሎ ይጻፋል? ያሸነፈው ነገር የለም፤ አክሊልም አይገባውም። በብራና ላይ የምናየው ፍላጎቱን የቀበረውን እንጂ ፍላጎቱ ያልተፈጠረበትን አይደለም። አክስቴ በዚያ ሚዛን ቢመዘኑ ጀግና አይደሉም፤ አልጣማቸውም፣ ተዉት፣ በቃ።

ዘመናዊው ጽሑፍ ሲመጣ ሚዛኑ ተገለበጠ። የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው እኛም ቤት ሬዲዮኑን ከበን ሰማን። በዛብህ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ወላጆቹ የተሳሉት ልጅ ነው። ስለቱ እስር ቤቱ ነው፤ ፍቅር መጥቶ ሰብሮ ያወጣዋል። በመጨረሻ ሰብለ ወንጌል ስትመነኩስም ቆቡ የሐዘን ልብስ ነው። ልጆች ላይ የተጫነ ስለት ግፍ መሆኑን ያ መጽሐፍ ያስተማረንን ያህል ማንም አላስተማረንም፤ እወደዋለሁ። ከሱ በኋላ የመጣው ብዙው ድራማና ፊልም ግን ያላገባን ሰው ሁሉ ፍቅር እስኪያገኘው የሚጠብቅ አድርጎ ሣለ። ሴቷ ቆሞ ቀር ተብላ ይሳቅባታል፤ ወንዱ ስንፈተ ወሲብ አለበት ተብሎ ይታማል። ቅድስናው ተነሥቶ በቦታው በሽታ ገባ።

ሕጉም እንደዚሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ የተለመደውን ግንኙነት እንዲፈጽሙ ያዛል፤ ነፃ የሚያወጣቸው ጤናን በብርቱ የሚጎዳ ሲሆን ብቻ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ያው ሕግ የሴቷን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ማድረጉ ለሴት ልጆች ታላቅ ነገር ነው። ፈቃዷን የምትሰጥበት ዕድሜ ታወቀ፤ እምቢ የምትልበት ምክንያት ግን ገና አልታወቀም።

በውጭው ዓለምም ነገሩ አዲስ ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ጄይ ለማንም የወሲብ መሳብ የማይሰማቸውን ሰዎች የሚያሰባስብ ማኅበር የመሠረተው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። በ2004 ካናዳዊው ተመራማሪ አንቶኒ ቦጋርት ከ18,000 በላይ ብሪታንያውያን የተጠየቁበትን ጥናት መርምሮ፣ ከመቶ አንድ ያህሉ ለማንም እንዲህ ያለ መሳብ ተሰምቷቸው እንደማያውቅ መናገራቸውን ጻፈ። በ2012 ግን «ሃውስ» የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ የሐኪሞች ድራማ እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት አቀረበና፣ ባልየው የአንጎል ዕጢ ያለበት፣ ሚስቱ ውሸታም ሆነው እንዲገኙ አደረገ። በዓመቱ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ ራሱን እንዲህ ነኝ ብሎ ያወቀ ሰው ሕመምተኛ ተብሎ እንዳይመዘገብ ደነገገ። ሐኪሞቹ ከድራማው ጸሐፊዎች በማስተዋል ቀደሙ ማለት ነው።

የእኛ አገር ዝምታ ግን ሌላም ምንጭ አለው፤ ርስት። በዚህ ደጋ መሬት የሚገኘው ትውልድ በመቁጠር ነበር። ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን እስከ አቅኚው ድረስ ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። ያልወለደ ሰው በሱ በኩል የሚቆጥርለት ስለሌለ ከቆጠራው ወጣ፤ ከቆጠራው ሲወጣም ከታሪኩ ወጣ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስትን አስቀረ፤ የአቆጣጠሩ ልማድ ግን ዛሬም በየቤታችን አለ።

ስለዚህ የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ድራማ የምትጽፉ፣ ላጤዋን ገጸ ባሕርይ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትድሯትና ሳታሳምሟት አሳዩን። ሬዲዮ ላይ ስለ ትዳር የምትመክሩ፣ ነገሩ አልጣመኝም የሚል ሰው ሲደውል ሐኪምም ጠበልም ከማዘዛችሁ በፊት ጨርሳችሁ ስሙት። የቤተሰባችሁን ትውልድ በደብተር የምትመዘግቡ ደግሞ ያልወለዱትንም ጻፏቸው። እኔ አክስቴን ከወንድሞቻቸው ጎን አስፍሬአቸዋለሁ። ከሥራቸው የሚወርድ መስመር ባይኖርም፣ ማንን እንዳሳደጉ፣ የማንን ዕዳ እንደከፈሉ፣ ለማን እንደፈተሉ ተጽፎአል፤ ይህም ሙሉ ታሪክ ነው።