የጠጠር ካባ ሲዘጋ ጉድጓዱ የማን ነው? ከካምፓላ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ ዳርቻ

በኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ፣ በማኪንዲዬ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ኪሱጉ ለምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች እንግዳ ሰፈር አይደለችም። አጎራባቿ ካባላጋላ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች የሚበዙባት ናት። ከደቡቧ የከተማዋ የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከሮች የተተከሉባት ሙየንጋ ኮረብታ ትነሳለች። በዚህችው ኮረብታ ወገብ ላይ ለዓመታት ድንጋይ በመዶሻ ሲፈለጥ፣ ጠጠሩም ለግንባታ ሲሸጥ ኖሯል።

ካምፓላ የተሠራችው ከኮረብቶቿ በወጣ ድንጋይ ነው ማለት ይቻላል። ድንጋዩ ሲያልቅ ግን ገደልና ጉድጓድ ይቀራል። በዝናብ ወራት ውኃ ያቁራል፤ ጠርዙ ይናዳል፤ ትንኝ ይራባበታል፤ አጥር ከሌለው ለሕፃናት ሞት ሊሆን ይችላል። ይህን ጉድጓድ የመድፈንና መሬቱን መልሶ የማልማት ግዴታ የማን ነው?

ከማዕድን ትርጉም ውጭ የቀረው ድንጋይ

በኡጋንዳ የጥያቄው ሥር ያለው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሸክላ አፈር፣ ገረጋንቲ፣ አሸዋና ለግንባታ የሚውል ተራ ድንጋይ “ማዕድን” አይባሉም ይላል። ወርቅና መዳብ በመንግሥት እጅ ሲሆኑ፣ የግንባታ ድንጋይ የመሬቱን ባለቤት ተከትሎ ቀረ። በካምፓላና በዙሪያዋ ደግሞ ሰፊው መሬት “ማይሎ” በሚባለውና ከ1900ው የቡጋንዳ ስምምነት በመነጨው የግል ይዞታ ሥርዓት የተያዘ ነው። ስለዚህ ካባ መክፈት ለረጅም ጊዜ ባብዛኛው በባለ ይዞታውና በድንጋይ ፈላጩ መካከል የሚያልቅ ጉዳይ ነበር።

የዚህ ውጤት ቀላል አልነበረም። የ2003ቱ የማዕድን ሕግ አልሚዎች ለአካባቢ ጥበቃ የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዙ የሚያስችል ድንጋጌ ነበረው። ይሁንና ሕጉ ለማዕድን እንጂ ለግንባታ ድንጋይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የማዕድን ሕግ ይህን ክፍተት ለማጥበብ ሞክሯል። የግንባታ ድንጋይና አሸዋን ለንግድ የሚያወጡ ሰዎችም በሕጉ ጥላ ሥር እንዲገቡ አድርጓል።

ተቆጣጣሪው ማን ነው?

ዛሬ አንድ ካባ ቢያንስ ሦስት ተቋማት ይመለከቱታል። የማዕድን ጉዳዮችን የያዘው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይሰጣል። ኔማ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ብሔራዊ የአካባቢ አስተዳደር ባለሥልጣን በ2019ኙ የአካባቢ ሕግ መሠረት የአካባቢና የማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማን መርምሮ ያጸድቃል፤ ጉዳት ያደረሰ ሰው አካባቢውን ወደነበረበት እንዲመልስ የማዘዝ ሥልጣንም አለው። የካምፓላ ዋና ከተማ አስተዳደር በበኩሉ የከተማውን የመሬት አጠቃቀም ፕላን ያስከብራል።

በወረቀት ላይ ቁጥጥሩ የተሟላ ይመስላል። ችግሩ ትእዛዙ የሚሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ አለመገኘቱ ነው። ትንንሽ ካባዎች የሚከፈቱት ያለ ፈቃድ ነው፤ ይዞታው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ድንጋዩ ሲያልቅ ፈላጩ ወደ ሌላ ኮረብታ ይሄዳል፤ ባለቤቱም መሬቱን ይሸጣል።

መዶሻ የያዙ እጆች

ካባዎችን በጅምላ መዝጋትም መፍትሔ አይሆንም። በካምፓላ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ኪሬካ በሚባለው ስፍራ የሚገኘው “የአቾሊ ሰፈር” ለዚህ ምስክር ነው። ከሰሜን ኡጋንዳው ጦርነት ሸሽተው የሰፈሩ ብዙ ሴቶች ኑሯቸውን የመሠረቱት ድንጋይ በመሰባበር ነው። እነዚሁ ሴቶች በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካን በመታ ጊዜ ካላቸው ላይ አዋጥተው ለተጎጂዎች ወደ 900 ዶላር በመላካቸው ስማቸው በዓለም ተሰምቷል።

ለሠራተኞቹ ካባው እንጀራ ነው፤ አደጋም ነው። የድንጋይ ብናኝ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያስከትላል። ቁጥጥሩ መቅጣት ብቻ ከሆነ ሰዎቹን ከዓይን ይሰውራቸዋል እንጂ ጉድጓዱን አይደፍንም።

መልሶ ማልማት ምን ይጠይቃል?

መልሶ ማልማት የሚጀመረው ካባው ከመከፈቱ በፊት ነው። ለሙ የላይኛው አፈር ተገፎ ለብቻው ይከመራል፤ በመጨረሻ ተመልሶ የሚለብሰው እርሱ ነውና። ገደሉ ቀጥ ብሎ እንዳይቀር በእርከን ይቆረጣል፤ ለጎርፍ መውረጃ ይበጃል። ጉድጓዱ የሚሞላው በአፈርና በድንጋይ እንጂ በቆሻሻ መሆን የለበትም፤ ከቆሻሻ የሚወጣው ፍሳሽ በአቅራቢያ ያሉ ምንጮችን ይበክላል። የተሞላ መሬት በደንብ ካልተጠቀጠቀ ቤት አይሸከምም።

በአህጉሩ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ በኬንያ ሞምባሳ ይገኛል። የባምቡሪ ሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ ያወጣበት መሬት ጠፍ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ስዊዘርላንዳዊው የግብርና ባለሙያ ሬኔ ሃለር 26 የዛፍ ዝርያዎችን በካባው ላይ ተከሉ፤ የጸደቁት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ የሸውሸዌ ዝርያ ነው። ቅጠሉ በቀላሉ ስለማይበሰብስ፣ እየበሉ ወደ አፈርነት የሚለውጡት ሺህ እግር የሚባሉ ተሳቢዎች እንዲገቡ ተደረገ። ከ13 ዓመታት በኋላ፣ በ1984፣ ስፍራው ለጎብኚዎች ተከፈተ። ዛሬ ሃለር ፓርክ ይባላል።

ባምቡሪ ግን ስሙ የሚታወቅ ባለቤትና በቂ ገንዘብ ነበረው። የኮረብታ ጥግ ካባዎች የሚያጡት እነዚህን ሁለቱን ነው።

ኢትዮጵያስ?

በኢትዮጵያ መነሻው ሌላ ነው። መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ናቸው፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም የኮንስትራክሽን ማዕድናትን በግልጽ ያካትታል። ፈቃዱን የሚሰጡት ባብዛኛው ክልሎች ናቸው። አዋጁ ባለፈቃዱ ለመልሶ ማልማት የሚውል ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማም በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ተደንግጓል።

ሆኖም በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚታዩት የተተዉ ካባዎች፣ ድንጋይን በሕግ “ማዕድን” ማለት ብቻውን ጉድጓድ እንደማይደፍን ያሳያሉ። አንዱ አስተዳደር የሚገነባበት ድንጋይ ከሌላው ክልል ሲወጣ፣ ጥቅሙ በከተማው፣ ጉዳቱ በገበሬው ማሳ ላይ ይቀራል።

የሁለቱ አገሮች መንገድ ቢለያይም የሚደርሱበት ቦታ አንድ ነው። ካባ ከተዘጋ በኋላ ባለቤት መፈለግ ዘግይቷል። ገንዘቡ የመጀመሪያው መኪና ጠጠር ጭኖ ከመውጣቱ በፊት ከተያዘና ኃላፊው በስሙ ከተመዘገበ፣ ጉድጓዱ ዳግም መሬት የመሆን ዕድል ይኖረዋል። አለዚያ ዕዳው በጠርዙ ላይ ለሚኖሩት ይተርፋል።