ብርሃን ሲጎድል

በመሳቢያዬ ውስጥ፣ ከድሮ የቁጠባ ደብተሬና ከትምህርት ማስረጃዎቼ ሥር፣ አንድ ፎቶግራፍ አለ። በ1996 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል በሰፈራችን አዳራሽ የተነሣ ነው። ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በፎቶግራፉ ላይ ሁለት ቦክሰኞች መኖራቸው ይታወቃል፤ አንደኛው ታላቅ ወንድሜ ነው። እግሮቹ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ወገቡም ይለያል። ቀኝ ክንዱ ግን የለም። ክንዱ በነበረበት ቦታ ከዕጣን ማጨሻ እንደሚወጣ ጭስ ያለ ነጭ ነገር ከትከሻው ተነሥቶ ወደ ተጋጣሚው አገጭ ይዘረጋል፤ ከዚያም ይጠፋል።

ያ ግጥሚያ የወንድሜ የመጨረሻው ነበር። በነጥብ ተሸነፈ። እርሱ ግን በሦስተኛው ዙር የሰነዘረው ቀኝ ቡጢ ተጋጣሚው አገጭ ላይ ማረፉን፣ ዳኞቹ ግን እንዳላዩለት ያምን ነበር። ፊልሙ ታጥቦ የመጣ ዕለት ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ቀና ብሎም፣ «በካሜራው ስታይ የነበርከው አንተ ነህ። አርፏል አይደል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጎረቤታችን ባዋሰኝ ዓይነት ካሜራ፣ ሻተሩ በሚከፈትባት ቅጽበት ውስጡ ያለው መስታወት ወደ ላይ ይነሣል፤ ዓይንም የሚያየው ጨለማ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሁሉን ያያል፤ ያነሣትን ያችን ቅጽበት ብቻ አያያትም።

ወንድሜ በ2000 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከዚህ ዓለም ተለየ። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። የክንዱን ጭስ ምንነት ለመረዳት ስል የፎቶግራፍን ታሪክ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩ የገባኝ በሂሳብ ቋንቋ ነው። ፎቶግራፍ ገቢና ወጪው መመጣጠን ያለበት መዝገብ ነው። ወደ ፊልሙ የሚገባው ብርሃን የሚለካው በሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና ሻተሩ ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ብርሃን ሲጎድል ከጊዜ መበደር ግድ ይሆናል፤ ጊዜ ግን ያለ ወለድ አያበድርም። በሰከንድ 9 ሜትር የሚጓዝ ቡጢ፣ ሻተሩ ለሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ክፍት ሆኖ ከቆየ 30 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ለአንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቢከፈት ግን የሚሄደው 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያን ያህል ለማሳጠር ወደ አሥራ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስፈልጋል። የእኛ አዳራሽ የነበሩት ሁለት አምፖሎች ናቸው፤ የተዋስሁት ካሜራ ብልጭታም ከተበላሸ ቆይቶ ነበር። የወንድሜ ክንድ ለዚህ ዕዳ ወለድ ሆኖ ተከፈለ።

ዕዳው የእኔ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ላይ፣ የሚጋልብ ፈረስን በ12 ካሜራዎች በተከታታይ ሲያነሣ ዓለም ተደነቀ። ነገር ግን ማይብሪጅ የሠራው በሜዳ ላይ ነው፤ ፀሐይ ነበረችለት። ጣሪያ ሥር ለሚሮጥና ለሚታገል ሰው ፀሐይ ከየት ትምጣ?

መልሱ ከዚያ አስቀድሞ በአንድ ጨለማ ክፍል ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት፣ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን፣ የታይምስ ጋዜጣ ቁራጭ በመንኮራኩር ላይ ለጥፎ አሽከረከረው። ክፍሉን አጨለመ፤ ካሜራውንም ከፍቶ ተወው። ከዚያም የተከማቸ የኤሌክትሪክ ኃይል በአንድ ብልጭታ ለቀቀ። በምስሉ ላይ የሚሽከረከረው ጋዜጣ እንደቆመ ሆኖ ተነበበ። የታልቦት ብልሃት ነገሩን ገለበጠው፦ በጨለማ ውስጥ ጊዜን የሚቆርጠው ሻተሩ መሆኑ ቀርቶ ብርሃኑ ራሱ ሆነ።

ይህን ብልሃት ከቤተ ሙከራ ወደ ስፖርት አዳራሽ ለማድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርመን ውስጥ የማግኒዝየም ብልጭታ ዱቄት ተሠራ፤ ግን ጭሱ ክፍል ይሞላል፣ እሳቱም እጅ ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ1929 የብልጭታ አምፖል መጣ፤ አንዱ አምፖል የሚያገለግለው ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በ1930ዎቹ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን፣ በካፓሲተር ውስጥ የተጠራቀመ ኃይል በጋዝ በተሞላ ቱቦ አማካይነት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚያፈስስ፣ ደጋግሞም የሚሠራ መብራት አዳበረ። በአልባኒያ የተወለደው ግዮን ሚሊ ይህንኑ መብራት ይዞ ስፖርተኞችንና ጨፋሪዎችን ለላይፍ መጽሔት አነሣ። ካፓሲተር እንደ ቁጠባ ሂሳብ ነው፤ ቀስ እያለ ይሞላል፣ በአንድ ጊዜም ወጪ ይሆናል። ባዶ ከሆነ በኋላ እንደገና እስኪሞላ መጠበቅ አለ። በዚያ መጠበቅ ውስጥ የሚያመልጠው ቅጽበት አይመለስም።

አሁን ወንድሜን ወደሚመስለኝ ታሪክ ልምጣ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1965 መሐመድ አሊና ሶኒ ሊስተን በሜይን ግዛት፣ በሉዊስተን ከተማ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተገናኙ። በሪንጉ ዳር ካሜራ ይዘው ከተቀመጡት አንዱ የ22 ዓመቱ ኒል ላይፈር ነበር። ከሪንጉ በላይ ኃይለኛ የብልጭታ መብራቶች ተሰቅለውለታል፤ በካሜራው ውስጥም የቀለም ፊልም አለ። መብራቱ እስኪሞላ መጠበቅ ስላለበት አከታትሎ ማንሣት አይችልም። ገና በመጀመሪያው ዙር ሊስተን ወደቀ። አሊ ቀኝ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ የወደቀውን ሰው ተነሥ እያለ ጮኸበት። ላይፈር ያን ጊዜ ተኮሰ። በዚያው ምስል፣ በአሊ እግሮች መካከል፣ በማዶ በኩል የተቀመጠው ሌላው ፎቶግራፍ አንሺ ኸርብ ሻርፍማን ይታያል፤ እርሱ የደረሰው የአሊ ጀርባ ነው። ሁለቱም የመጡት ለአንድ መጽሔት ነበር፤ አንዱን ታላቅ ያደረገው፣ ከዝግጅቱ ሌላ፣ የተቀመጠበት ወንበር ነው።

ፎቶግራፉ በወቅቱ የመጽሔቱን ሽፋን እንኳ አላገኘም፤ ዛሬ ግን በስፖርት ፎቶግራፍ ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል። የአሊ ጡንቻ፣ የጓንቱ ክር፣ ከበስተጀርባ ያለው ጥቁር ጨለማ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እኔን ያስገረመኝ ግን በዚህ ሁሉ ጥራት ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ሊስተንን የጣለው ቡጢ በምስሉ የለም፤ ምስሉ ከቡጢው በኋላ የመጣ ነው። አሜሪካውያን ያንን ቡጢ «የምትሐት ቡጢ» ብለው ሰየሙት። አርፏል የሚሉ አሉ፤ ሊስተን ሆን ብሎ ወደቀ የሚሉም አሉ። ግጥሚያው በፊልም ጭምር ተቀርጿል፤ ክርክሩ ግን ከስድሳ ዓመት በኋላም አልሞተም። ያ ሁሉ መብራት፣ ያ ሁሉ ዝግጅት ተደርጎም፣ «አርፏል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አልተዘጋም።

ይህን ካነበብሁ በኋላ መሳቢያዬን ከፈትሁና ፎቶግራፉን እንደገና አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኒኮን ዲ3 ካሜራ፣ በተለምዶ 400 ከነበረው የፊልማችን የብርሃን ትብነት ተነሥቶ 6400 ላይ ያለ ብዙ ችግር ይሠራ ነበር፤ አሥራ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ለወንድሜ ክንድ የጎደለኝ ሂሳብ እዚያ አካባቢ ነበር። ዛሬ በዚያው አዳራሽ አንድ ወጣት በስልኩ ከእኔ የተሻለ ምስል ያነሣል። ምናልባትም ጓንቱ ከአገጩ ጋር ሲገናኝ ያሳይ ይሆናል፤ ወይም አለመገናኘቱን።

ለረጅም ዘመን ይጸጽተኝ የነበረው ማስረጃ አለማቅረቤ ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ ያን ዕለት በመስኮቱ አጠገብ ወንድሜ የፈለገው አንድ ሰው እንዲያምነው ነበር። እኔ ፎቶግራፉን አየሁ፤ ፊቱን አላየሁም። «አዎ፣ አርፏል» ለማለት ምን ያህል ብርሃን ያስፈልገኝ ነበር?

ፎቶግራፉን ወደ ቦታው ከመመለሴ በፊት በጀርባው ላይ እነዚህን አራት ስንኞች ጻፍሁ፦

«አርፏል ወይ?» ስትለኝ፣ ዝም ያልኩህ ያን ለታ፣
ጨለማ ነበረ የዓይኔ ድርሻ ላፍታ፤
ዛሬ ግን ልንገርህ፣ ሳልፈራ ፈጽሞ፣
አርፏል፣ ወንድምዓለም፤ አርፏል ክንድህ ደክሞ።